ሳምፕል ሬት ሲምታታ፦ ለቤት ስቱዲዮ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳምፕል ሬት ምንድን ነው?

ማይክሮፎን የያዘው ድምፅ ኮምፒውተር ውስጥ የሚገባው ቁጥር ሆኖ ነው። ሳውንድ ካርዱ ድምፁን በአንድ ሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካው የሚነግረን ቁጥር ሳምፕል ሬት ይባላል። 44.1 ኪሎኸርዝ ሲባል በሰከንድ 44,100 ልኬት፣ 48 ኪሎኸርዝ ሲባል 48,000 ልኬት ነው። የዌቭ ፋይል ውስጥ ከልኬቶቹ ሌላ መጀመሪያው ላይ የተጻፈ አጭር መግለጫ አለ፤ «ይህ ድምፅ በሰከንድ በዚህ ፍጥነት ይነበብ» ይላል። እዚህ ከምናነሣቸው ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ልኬቱ የተወሰደበት ፍጥነትና የተጻፈው መግለጫ ሳይስማሙ ሲቀሩ ነው። ልኬቱ አንድ ነገር፣ መግለጫው ሌላ ነገር መሆኑን ይያዙልን፤ ጥገናው ላይ ስንደርስ ያስፈልጋል።

መልሼ ስሰማው ድምፁ ቀጥኖ ይሮጣል፣ ወይም ወፍሮ ይጎተታል። ምን ሆኖ ነው?

በ44.1 የተለካ ድምፅ 48 ተብሎ ሲነበብ ልኬቶቹ ከተወሰዱበት ፍጥነት በላይ ያልፋሉ። ዘፈኑ በ8.8 ከመቶ ይፈጥናል፤ ድምፁም አንድ ሴሚቶን ተኩል ገደማ፣ በትክክል 1.47 ሴሚቶን ይቀጥናል (ሴሚቶን በኪቦርድ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው)። የ4 ደቂቃ መዝሙር በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ያልቃል። በተገላቢጦሹ በ48 የተለካው 44.1 ተብሎ ሲነበብ ያው መዝሙር ወደ 4 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ይለጠጣል፤ ዘማሪዋም ጉንፋን የያዛት ትመስላለች። ድምፁ አንድ ሙሉ ኦክታቭ ከወጣ ወይም ከወረደ ደግሞ የተምታቱት 48 እና 96፣ ወይም 44.1 እና 88.2 ናቸው፤ አንዱ የሌላው እጥፍ ነውና።

ፍጥነቱ ሳይነካ ድምፁ ብቻ ከቀጠነ ሳምፕል ሬትን አይጠርጥሩ። ሳምፕል ሬት ሲሳሳት ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው ነው የሚሄዱት። እንዲህ ሲሆን ትራኩ ላይ የተረሳ የፒች (የድምፅ ከፍታ) መለወጫ ፕለጊን ይፈልጉ።

ጥፋቱ የሚገባባቸው በሮች ብዙ አይደሉም። አንደኛው ከሌላ ቦታ የመጣ ፋይል ወደ ፕሮጀክቱ ሳይለወጥ መግባቱ ነው። ኪዩቤዝ የተባለው የቀረጻ ሶፍትዌር ፋይል ስናስገባ «ወደ ፕሮጀክቱ ሳምፕል ሬት ልለውጠው?» ብሎ ይጠይቃል፤ እሱን ሳያነቡ ማለፍ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነው። ፕሮ ቱልስም ፋይሉ ሳይለወጥ ከገባ በተሳሳተ ፍጥነት ያጫውተዋል። ሪፐር፣ ኤፍኤል ስቱዲዮና ኦዳሲቲ እያጫወቱ ራሳቸው ስለሚለውጡት በነሱ ላይ ይህ ብዙም አይታይም። ሁለተኛው በር ሶፍትዌሩ «44.1 ሁን» ሲለው ሳውንድ ካርዱ 48 ላይ መቅረቱ ነው። ሦስተኛው በዲጂታል ገመድ ከሌላ መሣሪያ ክሎክ (ልኬቶቹ የሚወሰዱበትን ጊዜ የሚመራ ምት) የሚቀበል ሳውንድ ካርድ ነው፤ እሱን ለብቻው ከታች አድርገነዋል።

ክራሩ ከኪቦርዱ ጋር አልገጥም አለ። ቅኝቱ ነው ወይስ ሳምፕል ሬቱ?

ይህ ጥያቄ ከሌሎቹ በላይ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ምክንያቱም ክራርና ማሲንቆ ስሕተቱን ደብቀው የማቆየት ጠባይ አላቸው። ክራር የሚቃኘው እንደ ዘፋኙ ድምፅ ነው። ስለዚህ በፋብሪካ የተቃኘ ነገር አጠገቡ እስኪመጣ ድረስ አንድ ሴሚቶን ተኩል ቢወርድም ጆሮ አያስደነግጥም። ሁሉም ክሮች በእኩል ስለሚወርዱ በመካከላቸው ያለው ርቀት አይነካም፤ ትዝታው ትዝታ፣ ባቲውም ባቲ ሆኖ ይቀጥላል። ጉዱ የሚወጣው ኪቦርድ ወይም ቤዝ ጊታር ሲጨመር ነው።

መለያው ይህ ነው። 1.47 ሴሚቶን ከየትኛውም የኪቦርድ ቁልፍ ላይ አያርፍም፤ በሁለት ቁልፎች መካከል ይወድቃል። ኪቦርዱን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጉት አይገጥምም፣ በሙሉ ድምፅ ዝቅ ቢያደርጉትም ያልፈዋል። እንዲህ መሀል ላይ ሲንጠለጠል መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሳምፕል ሬት ነው። ክሩ ረግቦ ወይም ሙቀት ነክቶት ቢሆን ኖሮ ሁሉም ክሮች በአንድ ልክ አይወርዱም ነበር።

በጆሮ ሳይሆን በቁጥር ማረጋገጥ ይቻላል፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ኦዳሲቲ ውስጥ «ጀነሬት» ከሚለው ዝርዝር «ቶን» መርጠው 440 ኸርዝ ያለው የ10 ሰከንድ ድምፅ ይሥሩና ዌቭ አድርገው ያስቀምጡት። ያንን ፋይል ቀረጻ በሚሠሩበት ፕሮጀክት ውስጥ ከፍተው በስፒከር ያጫውቱ፤ ስልክዎ ላይ የመቃኛ አፕሊኬሽን ከፍተው ወደ ስፒከሩ ያስጠጉ። 440 ካሳየ መንገዱ ንጹሕ ነው። 479 አካባቢ ካሳየ ፕሮጀክቱ 44.1 ሲሆን ሳውንድ ካርዱ በ48 እየሠራ ነው። 404 አካባቢ ካሳየ ተቃራኒው ነው። መቃኛው የኖታ ስም ብቻ የሚያሳይ ከሆነ መርፌው በሁለት ኖታዎች መሀል ቆሞ ያገኙታል። ስልኩ የራሱን ክሎክ ስለሚጠቀም የኮምፒውተሩ ስሕተት አያታልለውም፤ የዘዴው ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ዘፋኝ ተጠርቶ ከመምጣቱ በፊት ቢያደርጉት ይመረጣል።

ቁጥሩን የትና የት ነው የማየው?

ዊንዶውስ 11 ላይ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «ሳውንድ» ገብተው ወደ ታች ሲወርዱ «ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ» የሚል ያገኛሉ። በሚከፈተው ትንሽ መስኮት «ሪከርዲንግ» የሚለው ገጽ ላይ ሳውንድ ካርድዎን መርጠው «ፕሮፐርቲስ»፣ ቀጥሎ «አድቫንስድ» ይበሉ። የሚጠቀመው ሬት እዚያ ተጽፏል። «ፕሌይባክ» የሚለውን ገጽም በዚያው መንገድ ይክፈቱና ሁለቱን እኩል ያድርጉ፤ ብዙ ሰው አንዱን አስተካክሎ ሌላውን ይረሳል።

ማክ ላይ «አፕሊኬሽንስ» ውስጥ ካለው «ዩቲሊቲስ» ፎልደር «ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» የሚለውን ይክፈቱ። በግራ በኩል መሣሪያውን ይምረጡ፣ በቀኝ «ፎርማት» ከሚለው አጠገብ ሬቱን ያያሉ። እዚህም የመግቢያውና የመውጫው ገጽ ለየብቻ ነው።

ቀጥሎ የቀረጻ ሶፍትዌሩ ነው። ሪፐር ላይ አልት እና ኢንተርን አብረው ሲጫኑ የፕሮጀክቱ ሴቲንግ ይመጣል፤ የፕሮጀክት ሳምፕል ሬት የሚለውን ሳጥን ምልክት ያድርጉበትና ቁጥሩን ይወስኑ። ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ሪፐር ሳውንድ ካርዱ ባለበት ይከተላል፤ ዛሬ 48፣ ነገ 44.1 ሊሆን ይችላል ማለት ነው። አሁን በየትኛው እየሠራ እንደሆነ ከመስኮቱ ላይ በስተቀኝ ተጽፏል። ኪዩቤዝ ላይ ሺፍት እና ኤስ ሲጫኑ የፕሮጀክት ሴትአፕ ይከፈታል። ሎጂክ ላይ በፕሮጀክት ሴቲንግ ውስጥ የኦዲዮ ገጽ ነው። ኦዳሲቲ በቀደሙት እትሞች ከታች በግራ ጥግ ያሳየው ነበር፤ በአዲሶቹ የኦዲዮ ሴቲንግ ውስጥ ገብቷል። ፕሮ ቱልስ ግን ሬቱን የሚወስነው ሴሽኑ ሲፈጠር ስለሆነ በኋላ ለመቀየር «ሴቭ ኮፒ ኢን» በሚለው አዲስ ቅጂ ማውጣት ያስፈልጋል።

መጨረሻ ላይ የሳውንድ ካርዱ የራሱ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ካለው እሱም ይታይ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ወይም ዩኤስቢው ተነቅሎ ሲሰካ ወደ ቀድሞ ልማዱ የሚመለስ ሳውንድ ካርድ አለ። ስለዚህ ጠዋት ያረጋገጡትን ቁጥር መብራት ከመጣ በኋላ እንደገና ይዩት።

ዊንዶውስ ላይ ሬቱን ስቀይረው አይቀየርም፣ ወይም «መሣሪያው ሥራ ላይ ነው» ይለኛል። ለምን?

ሌላ ፕሮግራም ስለያዘው ነው። ብሮውዘር ላይ ዩቲዩብ ክፍት ከሆነ፣ ሙዚቃ ማጫወቻ ወይም የስብሰባ ሶፍትዌር ከኋላ የሚሠራ ከሆነ ሳውንድ ካርዱ በነሱ ሬት ላይ ተይዞ ይቀራል። ዝም ያለ የብሮውዘር ገጽ እንኳ ይበቃል። ሁሉንም ይዝጉ፣ የቀረጻ ሶፍትዌሩንም ዘግተው ይክፈቱ፤ ካልሆነ ሳውንድ ካርዱን ነቅለው 10 ሰከንድ ጠብቀው ይሰኩት።

ለቀረጻ የአምራቹን አሲዮ ድራይቨር (ሶፍትዌሩን ከሳውንድ ካርዱ ጋር በቀጥታ የሚያገናኝ) መጠቀም ከሁሉ ይሻላል። ተራው የዊንዶውስ መንገድ የሚያልፍበትን ድምፅ ሁሉ ወደ ራሱ ሬት እየለወጠ ያሳልፋል። ፒቹ ስለማይቀየር ችግሩ አይሰማም እንጂ በማያውቁት ቦታ ላይ አንድ ተጨማሪ ለውጥ ተካሂዷል። በተጨማሪም የዊንዶውስ የማሳወቂያ ድምፅ በሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በላፕቶፑ ስፒከር እንዲወጣ ያድርጉና ሳውንድ ካርዱን ለቀረጻ ብቻ ይተዉት።

በስንት ልቅዳ? 44.1፣ 48 ወይስ 96?

ለዩቲዩብ፣ ለቪዲዮ ክሊፕ፣ ለስብከትና ለፖድካስት 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት (ቢት እያንዳንዱ ልኬት የሚጻፍበት የቁጥር ስፋት ነው)። የቪዲዮው ዓለም በሙሉ በ48 የሚሄድ ስለሆነ መንገድ ላይ መለወጥ አያስፈልግም። ሥራው ለሲዲ ብቻ ከሆነ 44.1። ሁለቱንም በጆሮ መለየት በጣም ከባድ ነው። ሬቱን ለሁለት ስናካፍል የሚቀዳው ከፍተኛ ድምፅ ይወጣል፤ 44.1 እስከ 22 ኪሎኸርዝ ገደማ ይይዛል፣ የሰው ጆሮ ደግሞ ጤነኛና ወጣት ሲሆን የሚሰማው እስከ 20 ነው።

44.1 የሚለው ያልተለመደ ቁጥር የመጣው ከቪዲዮ ካሴት ነው። ሲዲ ከመምጣቱ በፊት ዲጂታል ድምፅ የሚቀዳው በቪዲዮ ቴፕ ላይ ነበር። በአንዱ የቴሌቪዥን ሥርዓት 245 መስመር በ3 ልኬት በ60፣ በሌላው 294 መስመር በ3 ልኬት በ50 ሲባዛ ሁለቱም 44,100 ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የወጣው ሲዲ ያንኑ ወረሰ።

96 ኪሎኸርዝ ለአብዛኛው የቤት ሥራ አንመክርም። አንድ ሞኖ ትራክ በ24 ቢትና በ48 በደቂቃ 8.64 ሜጋባይት ይወስዳል፣ በ96 ደግሞ 17.28። 20 ትራክ ያለው የ5 ደቂቃ ዘፈን ከ864 ሜጋባይት ወደ 1,728 ያድጋል ማለት ነው፤ ያልተጣሉ ሙከራዎች ሲጨመሩበትማ ዲስኩ ቶሎ ይሞላል። ፕለጊኖችም እጥፍ ስሌት ይሠራሉ። 96 የሚጠቅመው የተቀዳውን ድምፅ በጣም በዝግታ ለማጫወት፣ ለፊልም የድምፅ ቅንብር ወይም ደንበኛው በግልጽ ሲጠይቅ ነው። ክፍሉ የሚያስተጋባ ከሆነ ከ48 ወደ 96 ከመሄድ ከማይክሮፎኑ ጀርባ ወፍራም ብርድ ልብስ መስቀል ብዙ እጥፍ ለውጥ ያመጣል።

በስሕተት የተቀዳውን ማዳን ይቻላል?

አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል፤ ልኬቶቹ ሁሉም እዚያው ስላሉ። የሚያበላሸው የጥገናው ምርጫ ነው። ሁለት ሥራዎች አሉ፣ ስማቸው ይቀራረባል፣ ውጤታቸው ግን ይለያያል። አንዱ ልኬቶቹን ሳይነኩ መግለጫውን ብቻ መቀየር ነው፤ ፍጥነቱና ፒቹ ይስተካከላል። ሌላው በአዲስ ሬት እንደገና ማስላት ነው፤ ድምፁ እንዳለ ሆኖ የልኬቱ ብዛት ይለወጣል። ቀጥኖ የሚሮጥ ፋይልን በሁለተኛው መንገድ ቢለውጡት ያው እየሮጠ ይወጣል፤ ስሕተቱን ለዘለቄታው አተሙበት ማለት ነው። ስለዚህ ምንም ከመንካትዎ በፊት ዋናውን ፋይል ኮፒ አድርገው ሌላ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡ።

ኦዳሲቲ ውስጥ የትራኩን ስም ሲጫኑ በሚመጣው ዝርዝር «ሬት» የሚል አለ፤ መግለጫውን የሚቀይረው ይህ ነው። ፋይሉ ቀጥኖ የሚሮጥ ከሆነና 48,000 ከሚል እዚያ 44,100 ይምረጡ፤ ወፍሮ የሚጎተት ከሆነና 44,100 ከሚል 48,000። ያዳምጡ። ከተስተካከለ በኋላ «ትራክስ» ከሚለው ዝርዝር «ሪሳምፕል» የሚለውን ወስደው ወደ ፕሮጀክቱ ሬት ያስሉት። ቅደም ተከተሉ ይህ ብቻ ነው፤ አይገለበጥም።

ሪፐር ውስጥ ቅጂውን መርጠው ኤፍ2 ይጫኑ። «ፕሌይባክ ሬት» የሚለው ላይ ለሚሮጠው 0.91875፣ ለሚጎተተው 1.088435 ይጻፉና ፒች እንዳይቀየር የሚያደርገውን ምልክት ያንሡ። ምልክቱ ሳይነሣ ከቀረ ፍጥነቱ ተስተካክሎ የድምፁ ቅጥነት ባለበት ይቀራል፤ ያኔ ዘፋኙም ሌላ ሰው ይመስላል።

ቮካሉ ከቢቱ ጋር ገጥሟል፣ ግን የዘፋኙን ድምፅ አይመስልም። ይህስ ከየት መጣ?

ይህ በጣም የሚያደክመው ዓይነት ነው። ፕሮጀክቱ 44.1 ሆኖ ሳውንድ ካርዱ በ48 ሲሠራ ቢቱ (ዘፋኙ የሚዘፍንበት ሙዚቃ) በሄድፎን ፈጥኖና ቀጥኖ ይሰማል። ቢቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማ ዘፋኝ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ የሰማውን ተከትሎ ከልኩ በላይ አውጥቶና አፍጥኖ ይዘፍናል። በዚያ ሰዓት ሁሉም ነገር ይገጥማል። ስሕተቱ ታርሞ ሲጫወት ቢቱ ወደ ትክክለኛ ቦታው ይወርዳል፣ ቮካሉም አብሮት። ሁለቱ ስለተስማሙ ሚክስ የሚያደርገው ሰው ምንም አያገኝም። ጆሮ የሚያዘው ዝርዝሩን ነው፦ አናባቢዎቹ ይጎተታሉ፣ የትንፋሹ ድምፅ ይረዝማል፣ መስመር መጨረሻ ላይ የሚርገበገበው ድምፅ ይዘገያል፣ «ስ» እና «ሽ» ይደነዝዛሉ።

መግለጫውን ቢቀይሩ የዘፋኙ ድምፅ ይመለሳል፤ ከቢቱ ግን ይለያያል። እዚህ ላይ ያሉት ምርጫዎች ሁለት ናቸው። ቢቱንም በ1.088435 አፍጥኖ ዘፈኑን በተዘፈነበት ፍጥነትና ከፍታ መጨረስ፣ ወይም እንደገና መዝፈን። ቀጥታ የተጫወቱ መሣሪያዎች በኋላ የሚጨመሩ ከሆነ በኪቦርድ ቁልፎች መሀል የወደቀ ዘፈን ሁሉንም ስለሚያስቸግር ሁለተኛው ይሻላል።

ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ ይገባል። ሳምፕል ሬት ነው?

ጠቅታው ሥርዓት ያለው መሆን አለመሆኑን ያዳምጡ። ሥርዓት የሌለው፣ ፕለጊን ሲበዛ የሚብስ ከሆነ ችግሩ ባፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለማስላት በአንዴ የሚይዘው የልኬት ብዛት) ነው። 256 ሳምፕል ያለው ባፈር በ44.1 ለኮምፒውተሩ 5.8 ሚሊ ሰከንድ ጊዜ ይሰጠዋል፣ በ48 5.3፣ በ96 ግን 2.7 ብቻ። ሬቱን ሲጨምሩ ጠቅታ የጀመረው ለዚህ ነው። ባፈሩን ወደ 512 ያውጡት ወይም ሬቱን ይቀንሱ። ላፕቶፕ መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ ሲዞር ፍጥነቱን ስለሚቀንስ በቻርጀር ላይ ንጹሕ የነበረው ቀረጻ በባትሪ ሊቆራረጥ ይችላል፤ የኃይል ሴቲንጉን በባትሪም «ቤስት ፐርፎርማንስ» ላይ ያድርጉት።

ጠቅታው በእኩል ርቀት፣ ለምሳሌ በየ3 ሰከንዱ ከተደጋገመና ባፈር ቢጨመርም ካልጠፋ ጉዳዩ ክሎክ ነው። በኤዳት ወይም በኤስፒዲፍ (ሁለቱም ዲጂታል ድምፅ የሚያስተላልፉ ናቸው) ገመድ ተጨማሪ ፕሪአምፕ፣ ማለትም የማይክ ድምፅ ማጉያ፣ ተገናኝቶ ሁለቱም መሣሪያዎች በየራሳቸው ክሎክ ሲሄዱ ልዩነቱ ይጠራቀምና አንድ ልኬት ይዘለላል ወይም ይደገማል፤ ያ ነው ጠቅ የሚለው። አንዱን ጌታ፣ ሌላውን ተከታይ ያድርጉ። ፕሪአምፑ ዲጂታል ድምፅ የሚልከው ወደ ሳውንድ ካርዱ ብቻ ከሆነ ፕሪአምፑ «ኢንተርናል»፣ ሳውንድ ካርዱ ደግሞ ገመዱ የገባበትን በር የሚከተል መሆን አለበት። ገመዱ ሲነቀል ሳውንድ ካርዱን ወደ «ኢንተርናል» መመለስ አይዘንጋ፤ አለዚያ ድምፅ አይወጣም ወይም ሬቱ ይዋዥቃል። በኤዳት 96 ላይ ሲሠሩ ከ8 ቻናሎች 4 ብቻ መቅረታቸው ብልሽት አይደለም፤ የገመዱ አቅም ያ ነው።

ድምፁን ለብቻ፣ ምስሉን በስልክ ቀዳሁ። መጀመሪያ ላይ ገጥሞ እያደር ከአፍ ይለያያል።

የልዩነቱን መጠን ይለኩ፤ መልሱ እሱ ውስጥ ነው። በደቂቃ 5 ሰከንድ ያህል ከሆነ 44.1 እና 48 ተምታተዋል፣ ከላይ ባለው መንገድ ይታረማል። በሰዓት 3.6 ሰከንድ ያህል ከሆነ ድምፁ ጤነኛ ነው፤ የቪዲዮው ፕሮጀክት በሰከንድ 29.97 እና 30 ፍሬምን (ምስልን) አምታቷል። በሰዓት ከአንድ ሰከንድ በታች ከሆነ የስልኩና የመቅጃው ክሎኮች ጥቃቅን ልዩነት ነው፤ በሚሊዮን 50 ቢለያዩ በሰዓት 0.18 ሰከንድ ይሆናል። ለንግግር ይህም ይታያል፣ ከንፈር ይቀድማል።

ለዚህ የመጨረሻው መድኃኒቱ ጭብጨባ ነው። ቀረጻው ሲጀመር አንድ ጊዜ፣ ሲያልቅ አንድ ጊዜ ካሜራ ፊት ያጨብጭቡ። በምስሉ በሁለቱ ጭብጨባዎች መካከል 2,700.00 ሰከንድ፣ በድምፁ 2,700.12 ከሆነ ድምፁን በ1.000044 ያፍጥኑት። ልዩነቱ አንዴ እየሰፋ አንዴ እየጠበበ ከሄደ ግን ስልኩ የፍሬም ፍጥነቱን እየለዋወጠ ነው የቀዳው፤ ቪዲዮውን መጀመሪያ ወደ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት ለውጠው ከዚያ ይግጠሙ።

የብሉቱዝ ሄድፎን ስጠቀም ድምፁ የስልክ ጥሪ ይመስላል።

ሄድፎኑ ማይክሮፎኑን ሲከፍት ወደ ስልክ ማውሪያ ሁነታ ስለሚዞር ነው። በዚያ ሁነታ ሬቱ ብዙ ጊዜ 8 ወይም 16 ኪሎኸርዝ ነው፤ ከ4 ወይም ከ8 ኪሎኸርዝ በላይ ያለው ድምፅ ሁሉ ይጠፋል። የሶፍትዌሩን ማይክሮፎን ወደ ሳውንድ ካርዱ ይቀይሩት፣ ሄድፎኑ ወደ ሙዚቃ ሁነታ ይመለሳል። ለመቅዳት ግን ገመድ ያለው ይጠቀሙ፤ ብሉቱዝ ስለሚዘገይ ዘፋኝ ከምቱ ኋላ ይቀራል።

ሁለት የዩኤስቢ ማይክሮፎን አንድ ላይ መጠቀም እችላለሁ?

ማክ ላይ በ«ኦዲዮ ሚዲ ሴትአፕ» ውስጥ ሁለቱን አዋሕዶ አንድ መሣሪያ ማድረግ ይቻላል። አንዱን የክሎክ ምንጭ ያድርጉት፣ በሌላው ላይ «ድሪፍት ኮሬክሽን» የሚለውን ምልክት ያድርጉ። ዊንዶውስ ላይ በተጨማሪ ድራይቨር ማገናኘት ቢቻልም በረጅም ቀረጻ ላይ ይቆራረጣል። ለሁለት ሰው ቃለ መጠይቅ ሁለት ማይክ የሚያስገባ አንድ ሳውንድ ካርድ ይግዙ፤ ሁለቱ ማይኮች ያን ጊዜ በአንድ ክሎክ ይለካሉ።

ቢቱ የተሠራው አዲስ አበባ፣ ቮካሉ የሚቀዳው ዋሽንግተን ነው። እንዴት ብንላላክ ይሻላል?

ገና ሳይጀመር አንድ ሬት ተስማሙና በፋይሉ ስም ላይ ጻፉት፦ የዘፈኑ ስም፣ 48፣ የምቱ ፍጥነት፣ ቀን። ቢቱ 24 ቢት ዌቭ ሆኖ ይላክ። ቴሌግራም ላይ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፤ የድምፅ መልእክት ድምፁን ይጨምቀዋል። ኤምፒ3 በችኮላ ተልኮ ቮካል ከተቀዳበት፣ ኤምፒ3 ሲሠራ መጀመሪያው ላይ ጥቂት ጸጥታ ስለሚጨመር ቮካሉ በዌቩ ላይ ሲቀመጥ 25 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ዘግይቶ ሊያርፍ ይችላል። ይህ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሆነ መዘግየት ስለሆነ የሳምፕል ሬት ስሕተት አይደለም፤ ትራኩን ወደ ዘፈኑ መጀመሪያ መሳብ ይበቃል።

የተቀዳው ቮካል ሲመለስ ትርፍ ጸጥታው ሳይቆረጥ ከዘፈኑ ዜሮ ሰከንድ ጀምሮ ይውጣ። ተቀባዩ የሁለቱን ፋይሎች ርዝመት ያነጻጽራል፤ ቢቱ 4 ደቂቃ ሆኖ ቮካሉ 3 ደቂቃ ከ40 ወይም 4 ደቂቃ ከ21 ካሳየ አንድም ኖታ ሳይሰማ ምን እንደተፈጠረ ያውቃል።

ሚክሱ አልቋል። በስንት ላውጣው?

እስከ መጨረሻው በተቀዳበት ሬት ይሥሩ፣ ለውጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጨረሻ። ለቪዲዮ 48፣ ለሲዲ 44.1 እና 16 ቢት። ወደ 16 ቢት ሲወርድ ዲተር (የቢት ቅነሳውን ስሕተት የሚሸፍን በጣም ቀጭን ሹክሹክታ) ይብራ፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ። ሬት ሲለወጥ የድምፁ ጫፎች ትንሽ ከፍ ሊሉ ስለሚችሉ ሊሚተሩን (የድምፁን ጫፍ የሚገድበውን ፕለጊን) ከዜሮ 1 ዴሲቤል ዝቅ አድርገው ይተዉት፤ ዜሮ ላይ የተገፋ ማስተር ከለውጡ በኋላ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የድሮ ካሴት ስገለብጥ ዘፈኑ ከፍ ብሎ ይወጣል። ሬቱን ልቀይር?

አይቀይሩ። የካሴት ማጫወቻ ሞተርና ላስቲክ ሲያረጁ ፍጥነቱ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ካሴቱ 30፣ 60 ወይም 90 ሴንት (100 ሴንት አንድ ሴሚቶን ነው) ከፍ ወይም ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው። የ44.1 እና የ48 መምታታት ሁልጊዜ ያው 147 ሴንት ስለሆነ በዚህ ይለያል። ማጫወቻው ላይ ካለችው ትንሽ ቀዳዳ በቀጭን መፍቻ የሞተሩን ፍጥነት ማስተካከል የሚቻልባቸው ብዙ ናቸው፤ ካልሆነ ከተገለበጠ በኋላ ፍጥነቱንና ፒቹን አብሮ በሚቀይር መሣሪያ ይታረማል። ለመገልበጥ 44.1 በ24 ቢት በቂ ነው፤ ተራ ካሴት ከ15 ኪሎኸርዝ በላይ የሚይዘው ትንሽ ነው። ከመጀመርዎ በፊት የማጫወቻውን ራስ በጥጥና በአልኮል ይጥረጉ። ካሴቱን አንድ ጊዜ እስከ መጨረሻ አጠንጥነው መልሱት፤ ተጣብቆ የቆየ ቴፕ መሀል ላይ እንዳይንገዳገድ።